የሸክላ ሠሪዋ ልጅ እጆች

ሰርተፊኬቴ ላይ አምስት የማሳጅ ዓይነቶች ተዘርዝረዋል፤ ስዊድሽ፣ ዲፕ ቲሹ፣ ሆት ስቶን፣ የውስጥ እግርና የነፍሰ ጡር። ከታች ፊርማና ማኅተም አለው። ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አቧራውንም እጠርግለታለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን አዲስ አበባ ሄጄ የተማርኩት ስማቸውን ነው። ማሸቱን የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ እናቴ ደግሞ በሕይወቷ ሰው አሽታ አታውቅም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት።

ወላይታ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቅ ልንገረው። የእኛ ወገን የሚጠራበት አንድ ስም አለ፤ እዚህ አልጽፈውም። ስንት ዓመት የተወረወረብንን ድንጋይ አንስቼ ለወርዋሪው አላቀብልም። ከሁምቦ መንገድ ወጣ ብላ ባለችው ሰፈራችን፣ ጎረቤቶቻችን ጎመናቸውን በእናቴ ድስት ይቀቅላሉ፣ ውሃቸውን በእናቴ ገንቦ ይቀዳሉ። ለእናቴ ግን በቤታቸው ኩባያ ውሃ አይሰጧትም። ከጠማት የእንሰት ቅጠል አጥፈው በሱ ያንቆረቁሩላታል። ለቅሶ ቤት ራቅ ብላ ነው የምትቀመጠው፤ ተነስታ ስትሄድ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ማንም ቶሎ አይቀመጥም።

ልጅ ሆኜ ስለ ድስቱ ጠይቄያት ነበር። ድስትሽን የሚወዱ ሰዎች አንቺን ለምን ይሸሻሉ አልኳት። "ድስቱን እሳት ነክቶታል" አለችኝ። "እሳት ያጠራል። እኛን እሳት አልነካንም።" ያኔ መልሱ ልክ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። እናቴ ሸክላ ስትተኩስ ቅንድቧ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል፤ ክንዷ ላይ ጠባሳ የሌለበት ቦታ የለም። ከዚህ ወዲያ ስንት እሳት እንዲነካት ነው የፈለጉት?

አሁን እንዲህ ያለው ነገር ቀርቷል ይላሉ። ስብሰባ ላይ በእርግጥ ቀርቷል።

የሸክላ አፈር ከወንዝ ዳር ተቆፍሮ ይመጣል፤ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ማሸቱ ይመጣል። እናቴ በመዳፏ ሥር ትገፋዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ መልሳ ትገፋዋለች። የሚሠራው ክንዷ አይደለም፤ ከወገቧ ተነስታ ሙሉ ክብደቷን ትሰጠዋለች። አውራ ጣቷ ደግሞ ጠጠር ይፈልጋል። የጤፍ ፍሬ የምታክል ጠጠር ጭቃው ውስጥ ከተረፈች ድስቱ እሳት ላይ ይሰነጠቃል፤ የሳምንት ሥራ በአንዲት ጠጠር ገደል ይገባል። "ዓይንሽን ጨፍኚ" ትለኝ ነበር። "ጠጠር በዓይን አይታይም። እጅሽን አታስቸኩዪው፤ ራሱ ይነግርሻል።" ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ዓይኔን ጨፍኜ ጠጠር አወጣ ነበር።

አዲስ አበባ ሥልጠና በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንዷ ሰልጣኝ በሆዷ ተኝታ እኔ ጀርባዋን ሳሽ፣ አሠልጣኛችን አጠገቤ መጥታ ቆመች። ኮስታራ ሴት ነበረች፤ ማመስገን የሚያስከፍላት ይመስል ነበር።

"ከዚህ በፊት የት ነው የሠራሽው?"

"የትም።"

"ይሄ የጀማሪ እጅ አይደለም። በአውራ ጣትሽ ምን እየፈለግሽ ነው?"

ጠጠር ልላት ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። "ቤት ሊጥ አቦካ ነበር" አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው። አሠልጣኟ ምንም የማታውቅ የሸገር ሰው ናት፤ ሸክላ ብላት ቅንድቧ አይነቃነቅም ነበር። እኔ ግን ከተማችንን ሶዶን በሻንጣዬ ይዣት ሄጄ ነበር።

ሰርተፊኬቴን ይዤ ሶዶ ስመለስ አንድ ሆቴል ስፓ ሊከፍት ሰው ይፈልግ ነበርና ተቀጠርኩ። ሁለተኛው ውሸት እዚያ ተወለደ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ በመጀመሪያው ቀን "የማን ልጅ ነሽ? እናትሽ ምን ይሠራሉ?" አለችኝ። እዚህ አገር ይህ ጥያቄ ሰላምታ ይመስላል፤ ሰላምታ ግን አይደለም፤ ወንፊት ነው። "ቅቤ ነጋዴ ናት" አልኩ። ለምን ቅቤ እንዳልኩ አላውቅም። ንጹሕ ነገር፣ ሁሉም የሚወደው ነገር ፈልጌ ይመስለኛል።

ሥራው ላይ ብዙ ተሳለቁብኝ። ማሳጅ ሲባል ሌላ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ወንድ ሞልቷል፤ እንዲህ ያሰበ አንዱ ገና አልጋው ላይ ሳይወጣ ጫማውን በእጁ አስይዤ አስወጥቼዋለሁ። የቀሩት ቀስ እያሉ ለመዱ። እኔም የሶዶን ገላ ለመድኩ። አዲስ አበባ የተማርኩት ኮምፒውተር ላይ የዋለ አንገት ነበር። እዚህ ግን እንሰት ስትፍቅ የኖረች ሴት ወገብ፣ ቀኑን ሙሉ አንገቱን እያዞረ ተሳፋሪ የሚፈልግ የባጃጅ ሹፌር፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠላሳ ዓመት እጁን ያነሳ መምህር ነው የሚመጣው።

ማሳጅ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ አልዋሽም። በሽታ አያድንም። የተሰበረ አጥንት አይጠግንም፤ ለሱ ሐኪም አለ፣ እኔም ሂዱ እላለሁ። ስዊድሽ የሚሉት ረጅምና ለስላሳ አስተሻሸት እንቅልፍ ላጣና ሐሳብ ለበዛበት ሰው ደግ ነው፤ ግማሾቹ ሳልጨርስ ያንኮራፋሉ። ዲፕ ቲሹ ለተቋጠረ ጡንቻ ነው፤ ሲሠሩት ያማል፣ በማግስቱም ትንሽ ያማል፣ በሦስተኛው ቀን ግን ሰውየው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ማየት ይችላል። ውስጥ እግር ቆሞ ለሚውል ሰው ነው፤ አንዲት አሳላፊ እግሯን ስነካላት ያለ ምንም ምክንያት አልቅሳ ታውቃለች። ነፍሰ ጡሯን በጎኗ አስተኝቼ ወገቧን በጥንቃቄ አሻለሁ። የጋለ ድንጋይ ደግሞ ግትር ለሆነ ገላ ነው፤ ሙቀቱ ቀድሞ ገብቶ በሩን ይከፍትልኛል።

ግትር ገላ ስል አንድ ትከሻ ትዝ ይለኛል። የጡረተኛ መምህርት ትከሻ ነው። ከተማው ሁሉ ቲቸር እያለ ነው የሚጠራቸው፤ ግማሹን ሶዶ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ሲመጡ ቀኝ እጃቸውን ከጡታቸው በላይ ማንሳት አይችሉም ነበር። ፀጉራቸውን የምታበጥርላቸው ልጃቸው ናት። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሲዘምር እሳቸው አንዱን ብቻ ያነሱ ነበር፤ ይህ ከሕመሙ የበለጠ ያስከፋቸው እንደነበር ነግረውኛል። ሐኪም አይቷቸው እንቅስቃሴ አዞላቸዋል። እንቅስቃሴውን ያሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ በአሥር ሰዓት፣ መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ አውራ ጣት፣ ከዚያ እጃቸውን ይዤ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ።

ስድስት ወር ፈጀብን። አንድ ሐሙስ እጃቸው ጆሮአቸው ጋ ደረሰ። ዞር ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። "ልጄ፣ እጅሽ የተባረከ ነው" አሉኝ። "ያሳደገችሽ እናትም የተባረከች ናት።" ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ምን ያህል እንዳመመኝም አልደብቅም።

ከዚያ የመጣው ጣጣ ውሸቴ የጎተተው ነው። ቲቸር እናቴ ቅቤ ነጋዴ እንደሆነች ሰምተው ነበርና "እስቲ ከእናትሽ ለፀጉሬ ለጋ ቅቤ አምጪልኝ" አሉኝ። እምቢ በምን አፌ ልበል? ከገበያ ሄጄ ከማላውቃት ሴት ገዛሁና በቅጠል እንደተጠቀለለ ወስጄ "እናቴ ልካለች" አልኩ። አናታቸውን በሱ አሸሁት። ወደዱት። ለእህታቸው ነገሩ፣ እህታቸው ለጎረቤት ነገረች። በሁለት ወር ውስጥ ሆቴሉ መጥተው "የእናትሽ ቅቤ የለም ወይ?" የሚሉ ሴቶች በዙ። አንዷ እንዲያውም ለአዲስ ዓመታችን ለጊፋታ በዓል ለመላ ቤተሰቧ አዘዘችኝ። አገር ምድሩ በሌለ ቅቤ ነጋዴ ቅቤ ራሱን ተቀባ! ሳቅም እንባም እኩል ይመጣብኝ ነበር። እናቴ ሆቴሉ በር ላይ ብትቆም ውሃ የማያቀብሏት ሴቶች፣ ለሌለችው እናቴ ሰላምታ ይልኩ ነበር።

የምር የእናቴ የሆነ ነገር ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት የማሳጅ ድንጋዮች ግማሾቹ ጠፍተው፣ ግማሾቹ ወድቀው ተሰብረው ነበር። ሆቴሉ ይታዘዛል ይታዘዛል እያለ ወራት ቆጠረ። አንድ እሑድ ሰፈር ሄጄ ለእናቴ ስነግራት ወዲያው ጭቃ አነሳች። ጀርባዬን በልብሴ ላይ በመዳፏ ለካች፤ የትከሻ አጥንቴን አየች፣ የወገቤን ጉድጓድ አየች። በሁለት ሳምንት አሥራ ሁለት ሸክላ ሠራችልኝ፤ ጠፍጣፋ፣ ድፍን፣ እንደ መስተዋት የተወለወለ፣ እያንዳንዱ ለአንድ ቦታ የተበጀ። ከድንጋዩ ይልቅ ሙቀት ይይዛሉ። ለአንገት የሠራችው አንገት ላይ ብቻ ይገጥማል፤ ሌላ ቦታ ብታስቀምጠው ይንሸራተታል።

ቲቸር ከሁሉም እሱን ይወዱ ነበር። "ይሄ ከአዲስ አበባ የመጣው ድንጋይ ግሩም ነው" ይሉ ነበር። እኔም ዝም እላለሁ። ዝምታዬን አሁን ሳስታውሰው ራሴን በጥፊ ባልኩት እላለሁ።

እናቴ ውሸቴን ታውቅ ነበር። ራሴ ነገርኳት፤ ከሷ መደበቅ አልቻልኩም። አልተቆጣችም። "እንጀራሽ ነው" ብቻ አለች። አለመቆጣቷ ነው የቆረጠኝ።

ነገሩ የፈነዳው በገበያ ቀን ነው። ሸክላ ሠሪዎች የሚቀመጡት ከገበያው ዳር ነው፤ ከእህሉም ከቅቤውም ራቅ ብለው። እናቴ ከሰፈር ጀምራ አምስት ገንቦና ስድስት ድስት በሣር ጠቅጥቃ፣ በገመድ አዝላ በእግሯ መጥታ ነበር። ገና ስታራግፍ ደረስኩ። ገመዱ ትከሻዋ ላይ የቆየ ቦይ አለው፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት የቆፈረው። አንገቷን ማዞር አቅቷት ከነደረቷ ዞራ ሰላም አለችኝ። ሳላስበው ከኋላዋ ተንበርክኬ አንገቷን ያዝኩ። በአውራ ጣቴ ስፈልግ ጠጠር አይደለም፣ ድንጋይ አገኘሁ።

"ልጄ! አንቺ ነሽ?"

ቀና ስል ቲቸር ከፊቴ ቆመዋል፤ ዘንቢል ይዘዋል፣ ድስት ሊገዙ መጥተዋል። ዓይናቸው ከኔ እጅ ወደ እናቴ አንገት፣ ከእናቴ አንገት ወደ እኔ ፊት ተመላለሰ። እናቴና እኔ አንድ ፊት ነን፤ ዓይን ያለው ሰው አይሳሳትም።

"እኚህ ማን ናቸው?" አሉኝ።

አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ከእጄ ስር ወጥታ ተነሳችና በወላይትኛ "አላውቃትም እመቤቴ" አለች። "ገዢ ናት። አንገቴን ሲያመኝ አይታ አዘነችልኝ። ደግ ልጅ ናት፤ እግዜር ይስጣት።" ይህን ስትል ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደች፤ ቲቸርን እንዳትነካቸው፣ እኔንም እንዳትነካኝ።

ቲቸር ማመን ፈልገው ነበር። ፊታቸው ላይ እፎይታ አየሁ። "አይ የኔ ደግ" ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ። ያ እፎይታ ነው ያሳበደኝ። አንዲት እናት ልጇን በገዛ አፏ ስትክድ፣ ሰው ተመስገን ይላል? እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ እናቴን እስከዚህ ያደረስኳት?

"እናቴ ናት!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ የጎረቤት ሸክላ ሠሪዎች ሁሉ ዞሩ። "የወለደችኝ እሷ ናት ቲቸር። ቅቤ ሸጣ አታውቅም። አናትዎን የተቀቡት ቅቤ እዚያ ማዶ ከምትቀመጠው ሴት የተገዛ ነው። ትከሻዎን የፈታው ሸክላ ግን የሷ ነው። ከአዲስ አበባ አልመጣም። በነዚህ እጆች ነው የተሠራው።" የእናቴን እጅ ይዤ ከፍ አደረግኩት። እጇን ለመንጠቅ ስትታገለኝ አልለቅም አልኩ።

ቲቸር ድስቱን ሳይገዙ ዞረው ሄዱ። ሲሄዱ በቀኝ እጃቸው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱት። ያን እጅ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እናቴ የተቆጣችኝ ያኔ ነው። "እንጀራሽን ረገጥሽው" አለችኝ። "እኔ ለምጄው የለም ወይ? ምን ቸኮልሽ?" ሸክላዋን እየደረደረች ስታለቅስ ዋለች።

የሆቴሉ ቀጠሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ረገፈ። ማንም ምክንያቱን አልተናገረም፤ አንዷ እንግዳ መጣባት፣ አንዷ ተሻላት፣ አንዷ መንገድ ሄደች። ከተማው በሙሉ በአንድ ጊዜ ተሻለው! ቅቤ ያዘዘችኝ ሴትዮ መንገድ ላይ ስታየኝ ተሻግራ ሄደች። ለጊፋታ የተቀባችው ቅቤ ከፀጉሯ ሳይወርድ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ አንተ አንቺ ነው የምንባባለው። መጀመሪያ ሲነግሩት አልገባውም ነበር። "ሸክላ? ታዲያ ሸክላ ቢሠሩስ?" ብሎ ነበር አሉ። ባዶውን የቀጠሮ ደብተር ሲያይ ግን ቶሎ ገባው።

"እኔ በግሌ ምንም ችግር የለብኝም" አለኝ። ችግር የሌለበት ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው። "ግን ደንበኛ ነው የሚያኖረን። ለጊዜው ላውንደሪ ገብተሽ አንሶላ ታጥቢያለሽ። ነገሩ ሲበርድ እናያለን። ወይም ደግሞ ወሬ ነው፣ ሐሰት ነው በያቸው፤ እኔም አግዝሻለሁ።"

"ወሬ አይደለም። እኔ ነኝ የነገርኳቸው።"

"ታዲያ ላውንደሪ ይሻላል።"

"ደብዳቤ ጻፍልኝ" አልኩት።

"የምን ደብዳቤ?"

"ከሥራ መደቤ የተነሳሁበትን። ምክንያቱን ጻፍበት። እናቷ ሸክላ ሠሪ ስለሆነች በል። ፈርምበት፣ ማኅተም አድርግበት። እሱን ይዤ ላውንደሪም ቢሆን እገባለሁ።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ወረቀት አወጣ፣ ቀኑን ጻፈ፣ "ጉዳዩ" ብሎ ጻፈና ሁለት ነጥብ አደረገ። እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ። ግድግዳውን አየ፣ ስልኩን አየ። በጓዳ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ወረቀት ላይ የሚያሰፍር እጅ እንደሌለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። "እሺ፤ ባለሽበት ቆዪ" አለኝ በመጨረሻ፣ ወረቀቱን እየጨመደደ። "ሰው ከመጣ ሥሪ።"

ሰው አልመጣም። እኔ ግን በሰዓቴ ገብቼ በሰዓቴ እወጣ ነበር። አልጋውን አነጥፋለሁ፣ ሸክላዎቹን እወለውላለሁ፣ በሩን በሰፊው ከፍቼ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። የሚያልፍ ሁሉ እንዲያየኝ። እንግዳ መቀበያዋ ልጅ አንድ ቀን "አይደብርሽም?" አለችኝ። ይደብረኛል። ከቤት ሳልወጣ በፊት የማለቅስበት ጊዜም ነበር። ግን በሩን የሚዘጉት እነሱ ከሆኑ ይዝጉት፤ እኔ አልዘጋላቸውም።

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ሲቃረብ፣ ያ ሰዓት እንደገና ባዶውን ሊያልፍ ነው ብዬ ንዴቴ ተነሳ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ገበያ ወርጄ እናቴን አስነሳኋት። "ወዴት ነው?" "ነይ።" "ሸክላዬስ?" "ጎረቤትሽ ታየዋለች።" በዋናው በር ነው ያስገባኋት። ወደ ጓሮ በኩል ልትዞር ስትል ክርኗን ይዤ መለስኳት። ዘበኛው አየን፤ እንግዳ መቀበያዋ አየችን፤ ሥራ አስኪያጁም በመስታወቱ በኩል አየን። ደህና ዋላችሁ ብዬ አለፍኩ።

ክፍሉ ስትገባ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበትን አልጋ አይታ ነጠላዋን አወለቀችና ወለሉ ላይ ማንጠፍ ጀመረች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እዚህ እተኛለሁ። እሱ የሰው አልጋ ነው።"

"አንቺስ ምንድን ነሽ?"

ነጠላዋን ከወለሉ አንስቼ አጣጥፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። አልጋው ላይ ስትወጣ ጫፍ ጫፉን ነበር የምትነካው፤ ሙሉ ክብደቷን ልትሰጠው ፈራች። "ከኔ በኋላ እዚህ የሚተኛ የለም" አለችኝ። "ጨርሰሽ ልትጠፊ ነው።"

"ካልተኙ ይቅርባቸው።"

አሥራ ሁለቱን ሸክላ አሙቄ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ አንድ በአንድ ጀርባዋ ላይ ደረደርኩ። ያንን የአንገቱን አንገቷ ላይ ሳስቀምጠው ልክክ አለ። "ኧረ ጥሩ ነው የሠራሁት" አለች፤ ፊቷ ወደ ታች ስለሆነ ድምፅዋ ታፍኖ። ሳቅን። ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ለስላሳውንም፣ ጠንካራውንም፣ የእግሩንም፣ ሰርተፊኬቴ ላይ ያለውን ሁሉ ሠራሁላት። የገመዱን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቴ ሄድኩበት። በዚህ ዕድሜዋ ሰው ጀርባዋን ነክቷት አያውቅም። መጀመሪያ ሰውነቷ ሁሉ ጠንክሮ ነበር፤ እጅ ሲመጣ ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ ገላ። ቀስ በቀስ ክብደቷን ለአልጋው ሰጠችው። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሠራሁት፤ እንዳስተማረችኝ።

ግማሽ ላይ ስደርስ በሩ ተንኳኳ። እንግዳ መቀበያዋ አንገቷን ብቻ አስገብታ "ቲቸር መጥተዋል" አለች፤ በሹክሹክታ። "እጃቸው እንደገና ይዟቸዋል። ምን ልበላቸው?"

እናቴ በክርኗ ተነሳች። ጠፍጣፋው ሸክላ ከወገቧ ላይ ተንሸራተተ። "ልውጣ። በጓሮ በኩል ልውጣ" አለች።

"ተኚ" አልኳት። ለልጅቷ "ሰው ይዣለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ በያቸው" አልኩ። እንዲሰሙ አድርጌ ነው ያልኩት፤ በሩም ክፍት ነበር።

አንዲት ደቂቃ አላሳጠርኩም። ስጨርስ እናቴ ተነስታ ተቀመጠችና አንገቷን ወደ ግራ አዞረች፣ ወደ ቀኝ አዞረች፤ ግድግዳውን ሁሉ ዞራ አየችው። ነጠላዋን አልብሼ በዋናው በር በኩል ሸኘኋት። ቲቸር መጠበቂያው ወንበር ላይ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አቅፈው ተቀምጠዋል። እናቴ አጎንብሳ አለፈቻቸው። እሳቸውም ወለሉን አዩ። ልባቸው ተለውጦ መጡ ብዬ አልዋሽም፤ ያመጣቸው ትከሻቸው ነው።

ክፍሉ በር ላይ ደርሰው ቆሙ። አልጋውን አዩ። እናቴ የተኛችበትን አንሶላ ገፍፌ ቅርጫት ውስጥ ከትቼ ሌላ እያነጠፍኩ ነበር።

"ቀየርሽው?" አሉኝ፤ ቀስ ብለው።

"ለሰው ሁሉ እቀይራለሁ፤ የሥራው ሕግ ነው" አልኩ። "የሚያሙቅዎትን ሸክላ ግን አልቀይረውም። የሠራችው አሁን ያለፈችዎት ሴት ናት። የተነሳውም አሁን ከጀርባዋ ላይ ነው። ካልፈለጉ በሩ ክፍት ነው።"

አላባበልኳቸውም፤ ፎጣዬን እያጠፍኩ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ጫማቸውን አወለቁና አልጋው ላይ ወጥተው ተኙ። ያንን የአንገቱን ሸክላ ሳስቀምጥላቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር፤ ሙቀቱ ሲገባ ለቀቁት። ስለ እናቴ ምንም አላሉም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በአራት ሳምንት የተመለሰውን ግትርነት ስፈልግ ቶሎ አገኘሁት፤ ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ለጤናቸው ነው።

ሰዓታቸው ሲያልቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ማሰሪያ ማሰር ጀመሩ። ሌላ ጊዜ ደንበኛ ወጥቶ በሩ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ። ያን ቀን አልጠበቅኩም። ቀና እስኪሉ ቆየሁና፣ ዓይናቸው እያየኝ፣ የተኙበትን አንሶላ ከጫፉ ይዤ ገፈፍኩት፤ የእናቴ አንሶላ ያለበት ቅርጫት ውስጥም አብሬ ከተትኩት።